ሦስት ላይ የቆመው ማሰሪያ

ሲራክ የተገኘው ከጥድ ሥር በጎኑ ተኝቶ ነው። የግራ እግሩ ስኪ፣ የበረዶ መንሸራተቻው፣ አብሮት የለም፤ ሠላሳ እርምጃ ያህል ወደ ላይ፣ ቁልቁለቱ መሀል ብቻውን ቀርቷል። ጊዜው ጃንዋሪ 2013፣ ቦታው ፔንሲልቬንያ ያለች አንዲት ትንሽ የስኪ ተራራ ነበር። የአስተማሪነት ፈተናው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሰውነቱን ሊያሟሙቅ ብሎ አንድ ዙር ወረደ፤ ሁለተኛ ዙር አልነበረውም። የአካባቢው ፖሊስ «አደጋ» ብሎ ጽፎ ፋይሉን ዘጋው።

የሚስቱን ልብ ግን ማን ይዝጋው? ትህትና ሃያ ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ቆይታ፣ በሃያ አንደኛው ወይዘሮ የሺሀረግን ኮል አደረገቻቸው። የሺሀረግ አዲስ አበባ ፖሊስ ውስጥ መርማሪ የነበሩ፣ አሁን አሌክሳንድሪያ ለአንድ ኢንሹራንስ ቢሮ የአደጋ ወረቀት የሚመረምሩ፣ ስድሳን ያለፉና ወሬ የማይወዱ ሴት ናቸው።

«እትዬ የሺሀረግ፣ ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ መሰለኝ» አለቻቸው። «እርግጡን ይንገሩኝ። ከዚያ የፈለገው ይምጣ።»

የሺሀረግ «አድራሻሽን ላኪልኝ» ብቻ አሉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ ያዩት ጫማውን ነው። ሆስፒታሉ በላስቲክ ከረጢት የመለሰውን የሲራክን የስኪ ጫማ፣ ትህትና እሱ እንደሚያደርገው ወለሉ ላይ ካለው የማሞቂያ ቀዳዳ አጠገብ አቁማዋለች፤ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ማሞቂያው በተነሳ ቁጥር ፕላስቲኩ እየሞቀ «ቀጭ» ይላል። ጫማ ስኪው ላይ ሲቆለፍ የሚያሰማው ድምፅ ቁርጥ እሱን ነው። ፕላስቲክ መሆኑን ትህትና አሳምራ ታውቃለች። እንዲያም ሆኖ በተሰማ ቁጥር ወደ በሩ ትዞራለች።

ታሪኩን ራሷ ነገረቻቸው። ሲራክ ሁለት ጥንድ ስኪ ነበረው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ቀጭን። በሰፊው እንደሚፈተን ለዘመድ ለወዳጁ ሁሉ አውርቶ ነበር። ሰኞ ግን ተራራው መስተዋት መስሏል ሲባል፣ ጠጣር በረዶ የሚነክሰው ቀጭኑ ነው ብሎ ሐሳቡን ለወጠ። ይህን ያወቁት እሷና ስኪ ያስተማረው ጓደኛው ከፈለ ብቻ ናቸው። እሷ ለሥራ አሌክሳንድሪያ ስለምትሄድ ቀጭኑን ስኪና ጫማውን እዚያው ላለ ሱቅ አደረሰች፤ ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያዘውን ማሰሪያ በልኩ እንዲያጠብቁለት። ማሰሪያው ቁጥር አለው። ቁጥሩ ካነሰ ስኪው በትንሹም በትልቁም ይወልቃል፤ ከበዛ ደግሞ ሰው ሲወድቅ አልለቅ ብሎ እግር ይሰብራል። ልኩ የሚወጣው በሰውየው ክብደት ከሠንጠረዥ ነው።

ትህትና ነርስ ነች። ቀኑን ሙሉ የመድኃኒት መጠን በኪሎ ስታሰላ ትውላለች። የሱቁ ፎርም ክብደት ሲጠይቃት እጇ ሳያመነታ ሰባ አራት ብሎ ጻፈ። ፎርሙ የሚጠይቀው ግን በፓውንድ ነበር።

«ሰባ አራት ፓውንድ የአሥር ዓመት ልጅ ነው» አለች፣ ቢጫውን የፎርም ቅጂ እየዘረጋችላቸው። «በልጅ ቁጥር ሦስት ላይ አስረውለት ሄደ። እማማ ሸዋዓለም ከዚያ ወዲህ ከእጄ ውኃ እንኳ አይቀበሉም። ምን ይፍረዱ? ልጃቸው እኮ ነው።»

«ሦስት መሆኑን ማን ነገረሽ?»

«ከፈለ። በሠልስቱ ስጮህ፣ ‹ሆን ብለሽ አይደለም፣ በኪሎ ስለጻፍሽው ነው ሦስት ላይ ያሰሩት› ብሎ አጽናናኝ።»

የሺሀረግ ማስታወሻቸው ላይ አንድ መስመር ጽፈው ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩ።

በማግስቱ በርክ ከተማ ወዳለው የሲራክ እናት ቤት ሄዱ። እማማ ሸዋዓለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ «ቁጥሩን የጻፈችው ማን ሆነና ነው የሚጠየቀው?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። የሲራክ ታናሽ ወንድም ለገሰ፣ ባለታክሲው፣ ዓይናቸውን ሸሸ። ሲራክ ሥራ እየቀነሰ በረዶ ላይ ይውላል ብሎ ተጣልቶት «እነዚያን ስኪዎች በመጋዝ ነው የምቆርጣቸው» ማለቱን ሰው ሁሉ ሰምቷል። የሺሀረግ ትኩር ብለው ሲያዩት ጊዜ ወደ ጓዳ ገብቶ ሰፊዎቹን ስኪዎች ይዞ ወጣ። ከፈተናው ዋዜማ በፊት ሰርቆ አልጋ ሥር ደብቋቸው ኖሯል።

«እንዳይፈተን ብዬ ነው። በነዚህ ነው የሚሄደው ብዬ» አለና አለቀሰ።

ከፈለን ያገኙት ሮክቪል፣ ኃላፊ ሆኖ በሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ ነው። ጨዋና አንገቱን የደፋ ሰው ነው። ረቡዕ ማታ ሲራክ ከሱቅ ያመጣውን ስኪ ከቤቱ በእሱ ቫን እንደጫኑ፣ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ አብረው እንደሄዱ ሳይደብቅ ነገራቸው።

«ስኪውን ከዚያ በኋላ አየኸው?»

«የለም። እኔ ከላይ ነበርኩ። ስደርስ የተራራው ጠባቂዎች ወስደው ቆልፈውበት ነበር። ላየውም አልፈልግ።»

ደረቱ ላይ አዲስ የስኪ አስተማሪ ባጅ አለ። ፈተናው ተላልፎ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ሲሰጥ ገብቶ አልፏል፤ ቀደም ሲል ሁለቴ ወድቆ ነበር። የሺሀረግ እንደ ቀልድ «የእኔ ማሰሪያ ስንት ይሆን?» አሉት። ከላይ እስከ ታች አያቸውና በዓይኑ ወደ ጫማቸው ወርዶ፣ «ሦስት ተኩል» አለ፣ ሠንጠረዥ ሳያይ።

በሃያ አራተኛው ቀን የቤተሰቡን ደብዳቤ ይዘው ተራራው ድረስ ነዱ። ጠባቂዎቹ ስኪውን በአደጋው ሰዓት አሽገው መዝገብ ላይ አስፍረዋል፤ እሽጉን ከእሳቸው በፊት የፈታ የለም። አራቱም ብሎን፣ የፊቱም የኋላውም፣ ልክ ሦስት ላይ ነበር። የሱቁ መዝገብ ግን ሰባት ይላል። ሱቁ ራሱን ለማዳን የጻፈው ነው እየተባለ የሚያምነው ሰው አልነበረም። የሺሀረግ ከመዝገቡ ግርጌ ያለውን ፊርማ አይተው የፈረመችውን ሠራተኛ ፍለጋ ሁለት ሳምንት ፈጁ።

የአርባው መታሰቢያ በተደረገበት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉም ሲልቨር ስፕሪንግ ተሰበሰበ። ትህትና ሳህን ይዛ ስትዞር እማማ ሸዋዓለም እጃቸውን አልዘረጉም። ከበሩ አጠገብ አንዲት የማትታወቅ ሴት አራስ ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች። የሺሀረግ ተነሡ።

«ይቺ ሃኒ ትባላለች። የሲራክን ማሰሪያ ያሰረችው እሷ ነች። በሳምንቱ ለወሊድ ወጣች፤ መሞቱን የነገራት ሰው የለም። ፎርሙ ላይ ሰባ አራት ስታይ ምን አደረግሽ?»

«ኮል አደረኩት» አለች ሃኒ። «አዋቂ ሰው ሰባ አራት ፓውንድ አይሆንማ። በኪሎ ነው አለኝ። ሲስተሙ ላይ ፊክስ አድርጌ ሰባት ላይ አሰርኩት፤ ለእሱም ነገርኩት። ቅጂው ግን ቀድሞ ተቀዶ ከትህትና ጋር ሄዷል።»

ትህትና ሳህኑን እንደያዘች መሀል ላይ ቆመች።

«እንግዲህ ስኪው ከሱቅ ሲወጣ ሰባት ነበር» አሉ የሺሀረግ። «ሲራክም ሰባት መሆኑን ሰምቷል፤ ያን ጠዋት ጎንበስ ብሎ ያላየው ለዚህ ነው። መሀል ላይ አንድ ሰው ካቻቢቴ ይዞ ዝቅ አደረገው። ዝም ብሎ ያላላ ሰው አራቱንም ብሎን ልክ ሦስት ላይ አያቆምም። ሦስት ለሰባ አራት ፓውንድ የሚወጣው ቁጥር ነው። ስለዚህ ሰውየው ቢጫውን ቅጂ አይቷል፤ ሠንጠረዡንም በቃሉ ያውቃል። ለገሰ የደበቀው ሰፊውን ነው፤ ሲራክ በቀጭኑ እንደሚሄድ አላወቀም። ትህትና ሠንጠረዡን አታውቅም። ማሰሪያው ሦስት ላይ መሆኑን ግን በሠልስቱ የነገራት ሰው አለ፤ እሽጉን እኔ የፈታሁት በሃያ አራተኛው ቀን። ከፈለ፣ ስኪውን አላየሁትም ብለኸኛል። ሦስትን ከየት አመጣኸው?»

ማሞቂያው ተነሣ። ጫማው «ቀጭ» አለ።

ከፈለ ከወንበሩ ዘሎ ቆመ፤ ሌላ ማንም አልተንቀሳቀሰም። መልሶ ተቀመጠና ወለሉን እያየ ተናገረ። ሲራክን በረዶ ላይ ያቆመው እሱ ነበር፤ ሁለቴ የወደቀበትን ፈተና ተማሪው በአንዴ ሊያልፈው ነው። ፈታኞቹ ፊት ስኪው ወልቆ እንዲያፍር ፈለገ፤ በማሟሟቂያው ዙር እንዲያ በፍጥነት ይወርዳል ብሎ አላሰበም።

«እንዲሞት አልነበረም» አለ። «ስኪውን ልንጭን ቤት ስገባ ቢጫዋን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሳያት፣ ጥፋቱ የእሷ ይመስላል አልኩ። ያ ድምፅ ቤቴም አለ። ጫማ የለኝም፣ ግን አለ።»

እውነቱን ነበር። እውነት መሆኑ ግን ለማን ምን ይጠቅማል? የሺሀረግ ጠዋት ለፖሊስ ደውለው ስለነበር ውጭ መኪና ቆሟል። ለገሰ በሩን ከፈተለት፤ እጁን ሳያነሣበት አሳለፈው።

እማማ ሸዋዓለም ተነሥተው ሄዱና ከትህትና እጅ ሳህኑን ተቀበሉ፤ ቆመው ጎረሱ፤ እንባቸው እየወረደ አላመጡ።

ትህትና ሃኒ አጠገብ ቁጭ አለች። አርባ ቀን ሙሉ የለበሰችው ጥፋት ወርዶላታል፤ ያለ እሱ ምን እንደምትሆን ገና አላወቀችም።

«በስልክ ሌላ ምን አለሽ?»

ሃኒ ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «ሳቀ። ‹ሚስቴ ነርስ ናት፣ ሁሉን በኪሎ ነው የምታየው› አለኝ። ከዚያ ‹እባክሽ እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች› አለ።»

ሲራክ ነግሯት ቢሆን ኖሮ ቅጂው ላይ ሰባ አራቷን ትሰርዛት ነበር፤ ከፈለም የሚደበቅበት ወረቀት አይኖረውም ነበር። የሺሀረግ ይህን ከትናንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ ሊናገሩት አልደፈሩም። ትህትና ግን ራሷ ደረሰችበት። ተነሥታ ጫማውን ከማሞቂያው አጠገብ አነሣችና እቅፏ ውስጥ አደረገችው።

«ምነው እኔ አፍሬ፣ እሱ በኖረ» አለች።