የላስቲክ ሰፈር የመጀመሪያው ቀብር

ሬሳው ፀሐይ ስትወጣ ተገኘ። ጉድጓዱ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ቀኝ እጁ የባልዲውን እጀታ አልለቀቀም።

ሟቹን ሁሉም «እስቴ» ይለው ነበር፤ ከእስቴ ስለመጣ። በላስቲክ ሰፈር ስሙን ያልተናገረ ሰው በመጣበት አገር ይጠራል እንጂ የሚጠይቀው የለም። ሰፈሩ ራሱ ባለፈው ክረምት አልነበረም። ከወገዳ ወደ በሽሎ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት አንድ ገበሬ ሲያርስ ወርቅ አገኘ ተባለ። ማሽላው ሳይታጨድ ማሳው በሰው ተሞላ። አሁን የላስቲክ ቤቶች፣ ጠላ ቤቶችና በጄኔሬተር ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሱቅ አለው። ሰው ቀብሮ ግን አያውቅም።

ምክትል ኢንስፔክተር ላቀች ከወገዳ ስትደርስ ሕዝቡ ገዳዩን ወስኖ ጨርሷል።

ሞላ ከግንድ ጋር ታስሯል። ከሟቹ በስተግራ የሚቆፍር ነው። ትናንት «ወሰኔን ገፋህ» ብሎ ከእስቴ ጋር ተናንቋል። ደም የነካው ድጅኖው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተገኝቷል። ሚስቱ አስካለ ሁለት እጇን ዘርግታ ከፊቱ ቆማለች።

«በኔ ላይ አልፋችሁ ነው!» ትላለች። «በኔ ላይ!»

«ዞር በይ አንቺ ሻይ ሻጭ!» አለ አንዱ። «ሻይሽ ራሱ ሰው ይገድላል!»

ጥቂቶች ሳቁ። ላቀች አልሳቀችም። አብሯት ያለው ሹፌሩ ብቻ ነው።

«ማን አየ?» አለች።

«እኔ።» ከፍያለው ወደፊት ወጣ። ጉድጓዱ ከሟቹ በስተቀኝ ነው።

«ምን አየህ?»

«ሲነጋጋ ሞላ ድጅኖውን ይዞ እዚህ አፉ ላይ ቆሞ ነበር።»

«ሟቹን ታውቀው ነበር?»

«የት አውቄው? እዚሁ ነው ያየሁት።»

«ታወሩ ነበር?»

«ሰላምታም የለንም። ኩሩ ነበር። ወርቅ ካገኘ ወዲህማ ጭራሽ።»

ላቀች በገመድ ወረደች። የሟቹ ጭንቅላት የተሰበረው በሰፊው ነው። ድጅኖ ይበሳል እንጂ እንዲህ አያደቅም። የድጅኖው ደም ደግሞ እጀታው ላይ እንጂ ጫፉ ላይ አይደለም። ከሬሳው አጠገብ ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ አለ፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ድንጋይ ግን ሁሉም ስለታምና ቀይ ነው። ቀና ብላ አየች። የላስቲክ ጣሪያዎቹን ንፋስ እንዳይወስዳቸው የተጫነው ሁሉ የወንዝ ድንጋይ ነው። በየቤቱ አለ።

ወጥታ ያየችውን ነገረቻቸው። ይበልጣል፣ የቆፋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ድንጋይ ሞላም ቤት አለ፣ እህቴ።»

እውነቱን ነው። ድጅኖው ሞላን ለማስመሰል መቀመጡን አውቃለች፤ ማን እንዳስቀመጠው አላወቀችም።

«ሞላን ይዤው ልሂድ» አለች።

«ሟቹ እስኪቀበር እንታገሣለን» አለ ይበልጣል። «ከቀብር መልስ እኛው እንጨርሰዋለን። መኪናሽን ከፈለግሽ አስነሺ።»

የጤና ባለሙያ መጥቶ መረመረ። ከወገዳ ወዲያ ያለው መንገድ በዝናብ ስለተቆረጠ ሬሳው ወደ ሆስፒታል አይሄድም። ሹፌሩን ከአስካለ ጋር ግንዱ ዘንድ ትታ ሬሳውን ተከተለች።

ከሰፈሩ በላይ ባለችው የገጠር ቤተ ክርስቲያን መምሬ ኃይለ ሚካኤል ፍትሐቱን ጀመሩ። የሚያለቅስ የለም። ሰዉ በየእግሩ ላይ የደረቀውን ጭቃ ይፈቀፍቃል።

«አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰንበት…»

ላቀች ቀና አለች።

ፍትሐቱ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ጠጋ ብላ በዝግታ ጠየቀች።

«መምሬ፣ የክርስትና ስሙን ማን ነገረዎት?»

«ስም የሌለው ሬሳ ነው ቢሉኝ ጨንቆኝ ነበር፣ ልጄ። አንዱ መስቀል ሊሳለም መጥቶ ሹክ አለኝ።»

«የትኛው?»

መምሬ መስቀላቸውን ጨበጡ። «ሰው ላስይዝ ነው?»

«ሰው ሊገደል ነው። ንስሐ ከሆነ ግን አይንገሩኝ።»

«ንስሐስ አይደለም።» በመስቀላቸው ጠቆሙ።

ከፍያለው በአካፋ አፈር ይመልሳል። ከሁሉም ይበልጥ የሚሠራው እሱ ነው።

ላቀች ከዛፍ ሥር ጠራችው።

«የይበልጣልን የክርስትና ስም ታውቃለህ?»

«የት አውቄ?»

«የሞላንስ?»

«ኧረ እኔ።»

«ሰላምታ የሌለህን ሰው ግን አወቅህ።»

አካፋውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «ነግሮኝ ነዋ።»

«ኩሩ ነው፣ አናወራም አላልክም? የክርስትና ስም ቤተሰብና የንስሐ አባት የሚያውቀው ነው። ለዝምተኛ ጎረቤት አይነገርም።»

ከፍያለው አካፋውን መሬት ላይ ተከለ።

«ያለ ስሙ ቢቀበር ምን ነበረበት?»

«ነፍሱስ?» አለ ከፍያለው። «ነፍሱ በማን ስም ትማር?»

«አንተን ምን አገባህ?»

«አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው።»

ተቀመጠ። አልሸሸም።

ሟቹ ሰውነት ይባላል፤ ታናሽ ወንድሙ ነው። በኮሚቴው ደንብ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ጉድጓድ ነው የሚወጣለት። ወንድማማቾቹ ለየብቻ መጡ፤ እንደማይተዋወቁ ሆነው እጣ አወጡ። የቀናው ለሌላው ሊያካፍል ተማማሉ። የሰውነት ጉድጓድ ወርቅ ሰጠ። የከፍያለው አፈር ብቻ ሆነ።

«ድርሻዬን ልጠይቀው ጠላ ቤት ሄድሁ። በሰው ፊት ‹ምኔ ነህ?› አለኝ። ወንድሜ ነው ብል ሁለቱም ጉድጓድ ይወረሳል። ዝም ብል እንግዳ ሆኜ መቅረቴ ነው።»

«ዛሬስ?»

«ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ‹ስሜን ጥራኝ፣ አንዴ ብቻ› አልሁት። ከሥር ሆኖ ‹አንተ ሰውዬ፣ አፈር ታፈስብኛለህ፣ ራቅ› አለ።»

«ድንጋዩንስ ያኔ ነው ያነሳኸው?»

«ከጣሪያዬ ነው።»

«ጣሪያህ ሩቅ ነው። ስትሄድ ይዘኸው ነበር?»

ከፍያለው ወደ አዲሱ አፈር አየ። «ይዤው ነበር።»

«ሞላስ ምን አደረገህ?»

«ምንም። ተጣልተው ስለነበር ሰው ያምናል ብዬ ድጅኖውን ከደጁ ወሰድሁ፤ ወርጄ ደሙን ቀባሁት።» እጁን ለካቴና ዘረጋ። «እናታችን ሁለታችንንም አብረው ናቸው ብላ ነው የምታስበን። መርዶውን ሲያረዷት ማን ገደለው ትላለች።»

ላቀች ካቴናውን አወጣች። አሰረችው።

ሰፈር ሲመለሱ ይበልጣል የከፍያለውን ቃል ሰማና የሞላን ገመድ ራሱ ፈታ። ይቅርታ አላለም። ወዲያው ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ወንድማማቾች ከነበሩ ደንብ አፍርሰዋል። ሁለቱም ጉድጓድ ለእጣ ይወጣል! የራሱን የሚለቅ ሁሉ ይግባ!»

ጋቢ መሬት ላይ ተነጠፈ። ሰው ተጋፋ። አንዱ ለእጣው ሳንቲም ጣለ፣ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ አንዱ የስልክ ሲም። እጣ አውጪው ፊቱን አዙሮ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ካቴና የገባው ከፍያለው ከመኪናው መስኮት ያያል።

አስካለ የሞላን ክንድ ይዛለች። አንጓው በገመዱ ተልጦ ይደማል።

«ና እንሂድ። ወገዳ እንግባ። ሊገድሉህ የነበሩ ሰዎች ናቸው እኮ!»

«ቆይ» አላት።

«ሞላ!»

«ቆይ አልሁሽ።»

ክንዱን አስለቀቀ። ወደ ጋቢው እየተራመደ ከሸሚዙ ላይ አንድ ቁልፍ በጠሰ።