የንግሥት እሌኒ እጅጌዎች

«ቁም ሣጥኑ ውስጥ የለም» አለች የሪዛሊን እናት። ይህን ስትል ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

ቲቶ ናርድስ፣ ማለትም አጎቷ ናርድስ፣ ሳሎኑ መሐል በካልሲው ቆሟል። ቀሚሱን ሊለካ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ የአረጋውያን ማረፊያውን ሰማያዊ ዩኒፎርም እንኳ አላወለቀም። ደረቱ ላይ ያለው ባጅ «ናርሲሶ» ይላል፤ የመዝገብ ስሙ ነው።

ሪዛሊን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። ስክሪኑ ከጠፋ ቆይቷል። አጎቷ የሚፈልገው ቀሚስ ማክሰኞ ዕለት የት እንደነበረ በትክክል ታውቃለች፤ በሩ አጠገብ በነበረው ትልቅ ካርቶን ውስጥ፣ ከፎጣዎቹ ሥር፣ ከሻምፖዎቹ በላይ። አሁን በሩ አጠገብ ካርቶን የለም። አራት ወር ሙሉ የቆመበት ቦታ ላይ ምንጣፉ አራት ማዕዘን ሆኖ ተጨፍልቋል።

በካናዳዋ ዊኒፔግ ውስጥ ባለ እያንዳንዱ የፊሊፒንስ ሰው ቤት እንዲህ ያለ ካርቶን አለ። ቅናሽ በተገኘ ቁጥር አንድ ሳሙና፣ አንድ ቡና፣ አንድ የታሸገ ሥጋ ይገባበታል። ሲሞላ ይታሸግና በመርከብ አገር ቤት ይላካል። የእነ ሪዛሊን ካርቶን የሚሄደው ፊሊፒንስ፣ ካሊቦ ከተማ፣ አያቷ ዘንድ ነው።

ማክሰኞ የክፍል ጓደኛዋ ማኬና ለሳይንስ ፕሮጀክት ቤት መጣች። ቀሚሱ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ከአናናስ ቅጠል ቃጫ የተሸመነ፣ አያቷ በወጣትነቷ የሠራችው፣ ትከሻው ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሚቆሙ ሁለት እጅጌዎች ያሉት። ማኬና ይህን ቀሚስ ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ አይታዋለች። ፎቶው ላይ ቲቶ ናርድስ ተኳኩሎ፣ ዘውድ ደፍቶ መድረክ ላይ ይዘፍናል። በመድረክ ስሙ «ዶንያ ሉዋልሃቲ» ይባላል፤ የከተማው ፊሊፒንሳዊ ሁሉ ያውቀዋል። ማኬና ግን አምና «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ብላ ስትጠይቅ ሪዛሊን «አክስቴ ናት። ማኒላ ነው የምትኖረው» ብላ ነበር።

ስለዚህ የበሩ ደወል ሲጮህ፣ የማኒላዋ አክስት ቀሚስ እዚህ ምን ይሠራል እንዳትባል፣ አወረደችው። አራት ቦታ አጣጠፈችው፤ መታጠፍ የለበትም። ካርቶኑ ውስጥ ከተተችና ፎጣ ደረበችበት። ማታ ላወጣው ብላ ረሳች፤ ጠዋት አርፍዳ ተነሥታ ሮጠች። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫኞቹ በአንድ ቀን ቀድመው መጥተው ወስደውታል።

«ቆይ!» አለች እናቷ በድንገት። እጇ አፏ ላይ ነው። «ካርቶኑ! ናርድስ፣ እኔ ነኝ። ሁለት ፈረቃ ሠርቼ እንቅልፍ እያዳፋኝ ነው ያሸግኩት። ፎጣ መስሎኝ ከፎጣዎቹ ጋር ጠቅልዬው ይሆናል።»

ለላኪው ድርጅት ደወለች። ኮንቴይነሩ ተነሥቷል፤ ካሊቦ የሚደርሰው ከስልሳ ቀን በኋላ ነው።

ቲቶ ናርድስ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ መሳቅ ጀመረ። «እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት አገሬን አላየሁ፣ ቀሚሱ ቀድሞኝ ይግባ! በእግዜር፣ ለእማማ ሰላም በልልኝ ልበለው?»

«አትሳቅ! እኔን እያቃጠለኝ አንተ ትስቃለህ?»

«ምን ላድርግ እህት ዓለም? ላልቅስ? ኩሌ ይበላሻል።» ኩል አልተኳለም። ሳቁ ቀስ እያለ አለቀ፤ ዓይኑ ምንጣፉ ላይ ባለው አራት ማዕዘን ላይ ቀረ።

እሑድ የንግሥት እሌኒ ሰልፍ ነው። ዘጠኝ ንግሥቶች በአበባ ቅስት ሥር ይሄዳሉ፤ መስቀሉን ይዛ የምትመጣው እሌኒ የመጨረሻዋና ትልቋ ናት። ቲቶ ናርድስ ለንግሥቶቹ ሁሉ ሲሰፋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዘንድሮ የፊሊፒንሳውያኑ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ሁሉም «ሎላ»፣ አያት፣ የሚላት ፑሪንግ፣ «አንተ መርፌህን አስቀምጥ፤ እሌኒ አንተ ነህ» አለችው። ሁለት አባላት አኩርፈው ከስብሰባ ወጡ። ሎላ ፑሪንግ በሩን ዘግታ ቀጠለች።

በዚያ ላይ የማስታወቂያው ጉዳይ አለ። ከአምስት ሳምንት በፊት ማረፊያው የሠራተኞች ምሳ ክፍል ግድግዳ ላይ «እዚህ በእንግሊዝኛ ብቻ ይነጋገሩ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እዚያ ምሳ ከሚበሉት አብዛኞቹ ፊሊፒንሳውያን ናቸው፤ የሪዛሊን እናትም አንዷ ናት። ቲቶ ናርድስ የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፈ። ዶንያ ሉዋልሃቲ ሆኖ በሚዘፍንበት መድረክ ሁሉ፣ በሁለት ዘፈኖች መሐል፣ እያሳቀ ያነበዋል፤ ከዚያ «ያልፈረመ ሁለተኛውን ዘፈን አይሰማም!» ይላል። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው ፈርሟል። የእሑዱ ሰልፍ በማረፊያው በር ነው የሚያልፈው።

ቲቶ ናርድስ ጫማውን አድርጎ ወጣ። እናቷ ወጥ ቤት ገብታ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሪዛሊን ያንን ትከሻ እያየች እስከ ዐሥር ልትቆጥር ጀመረች። ሰባት ላይ ስትደርስ ተነሥታ ወደ ደረጃው ወጣች።

«ቲቶ! እማ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ዞር አለ። ሁሉንም ነገረችው፤ ደወሉን፣ አራት ቦታ ማጠፏን፣ ማኬናን። ፎቶው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አነሰ። «አክስቴ ናት ብያታለሁ።»

«አክስት?» አለ። የደረጃውን መደገፊያ ያዘ። «ቢያንስ ቆንጆ አክስት ብለሽኛል?»

ሪዛሊን መሳቅ አልቻለችም። እሱም ፊቱ አልሳቀም።

«ያ ወረቀት ከተለጠፈ ወዲህ ምን እንደምናደርግ ታውቂያለሽ?» አለ። «ተጠጋግተን በሹክሹክታ እናወራለን። በሩ ሲከፈት ጸጥ። ባለፈው ሳምንት በሩ ተከፈተ፤ እኔም ዝም አልኩ። ለካ የገባችው ጽዳቷ ናት። እኔ፣ በሁለት መቶ ሰው ፊት የምዘፍነው ሰውዬ!» ራሱን ነቀነቀ። «በይ ግቢና ለእናትሽ ንገሪያት። አሁኑኑ። ከዚያ ሩዝ ቀቅይ።»

«ሩዝ?»

«ውሃውን አብዢው። ነገ ይዘሽው ነይ፤ ውሃውን ነው የምፈልገው።»

እናቷ ስትሰማ አልጮኸችም። አልቅሳ ስለነበር ዓይኗ አብጧል። «ሩዙን እጠቢው በደንብ» ብቻ አለች። ሪዛሊን ጩኸት ይሻል ነበር ብላ አሰበች።

ዓርብ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሎላ ፑሪንግ ምድር ቤት ሄደች። ሎላ ፑሪንግ ሠላሳ ዓመት የክረምት ጃኬት ፋብሪካ ውስጥ የሰፋች ሴት ናት፤ ጣቶቿ ጠመዋል፣ ዓይኗ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት አይስትም። ጠረጴዛው ላይ የተከመረው ጨርቅ ሐር አልነበረም። የሥራ ዩኒፎርም ነው፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ የነጣ ሮዝ። ከማረፊያው ሠራተኞች ዐሥራ ዘጠኙ ያረጀውን ከነስም ባጁ አምጥተዋል።

«ንግሥት በዚህ?» አለች ሪዛሊን።

«ንግሥቲቱ ምን የምትሠራ ይመስልሻል?» አለ ቲቶ ናርድስ ስፒል በከንፈሩ እንደያዘ። «ሰው ታጥባለች፣ ሰው ትመግባለች።»

የሪዛሊን ሥራ እጅጌው ነበር። ጨርቁን የሩዝ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ በተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ወጥራ ማድረቅ። የመጀመሪያው ሲደርቅ ከሳህኑ ተነሥቶ ለሽ አለ።

«ይኼ እጅጌ ነው ወይስ የእኔ ጉንጭ?» አለች ሎላ ፑሪንግ። «ቀጥኗል። እንደገና።»

እንደገና አፍልታ ውሃውን አወፈረችው። ሦስት ጊዜ ቀባች፤ በእያንዳንዱ መሐል ጠብቃ፣ በጣቷ ነክታ፣ ሳይጣበቅባት ሲቀር ብቻ ቀጠለች። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱንም አነሣቻቸው። ቆሙ። ሎላ ፑሪንግ በጣቷ ቸብ አድርጋ ድምፁን አዳመጠችና ወደ ስፌት መኪናው ወሰደቻቸው።

የቀሩት ባጆቹ ነበሩ። ሎላ ፑሪንግ ልትነቅላቸው መቀስ አነሣች። «አለቆቻችሁ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ» አለች ለቲቶ ናርድስ። «ስም እየለቀሙ ቢጠሯችሁስ?»

የሪዛሊን እናት ከሥራ ገና መግባቷ ነው። ደረቷ ላይ ያለውን ባጅ ፈታች፤ «ሮዌና» ይላል። ቀሚሱ ላይ፣ ልብ ያለበት ቦታ ራሷ ሰካችው።

«ይዩት» አለች። «ስሜ ነው።»

እሑድ ፀሐይ ወጣ፤ ጥላ ያለበት ቦታ ግን አሁንም ብርድ ነው። የነሐስ ባንዱ ቀደመ፣ ስምንቱ ንግሥቶች ተከተሉ። መጨረሻ ላይ በአራት ሰው በተያዘ የአበባ ቅስት ሥር ዶንያ ሉዋልሃቲ መጣች፤ እጇ ላይ መስቀል፣ ትከሻዋ ላይ ሁለት ሰማያዊ ክንፎች፣ ቀሚሷ ላይ ሃያ ስሞች። ከጎኗ የእሌኒን ልጅ፣ ቆስጠንጢኖስን፣ ሆኖ የሚሄደው የአምስት ዓመት ሕፃን የካርቶን ዘውዱን ያኝካል። ሪዛሊን የቅስቱን የፊት ግራ ምሰሶ ይዛለች። ለምናለች፤ ቲቶ ናርድስም እሺ ብሏታል።

ማረፊያው ጋ ሲደርሱ ሥራ አስኪያጇ እጇን አጣጥፋ በሩ ላይ ቆማለች። ባጆቹን አንድ በአንድ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በዚያ ቅጽበት ከላይ መስኮት ተከፈተ። የዘጠና ዓመቱ ሚስተር ኮስቲዩክ ናቸው፤ ቲቶ ናርድስ በየቀኑ የሚያጎርሳቸው።

«ማጋንዳ!» ብለው ጮኹ። በፊሊፒንሳውያኑ ቋንቋ፣ በታጋሎግ፣ ቆንጆ ማለት ነው። «ናርሲሶ! ማጋንዳ!»

ባንዱ እንኳ ለአፍታ ተደነቃቀፈ። ከዚያ ሰልፈኛው ሁሉ በአንድ ድምፅ መለሰላቸው። ሥራ አስኪያጇ ቀና ብላ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ ባጆቹን፤ የተጣጠፈው እጇ ተፈታ። ዶንያ ሉዋልሃቲ እጅ ነሣች። እጅጌዎቹ ንቅንቅ አላሉም።

መንታ መንገዱ ጋ አንድ የሚታወቅ ድምፅ ተጣራ። «ሊን! ሊን!» ማኬና ውሻዋን ይዛ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆማለች። «በናትሽ፣ ምንድን ነው ይሄ? ቀሽት ነው! ቆይ… ያቺ የፎቶዋ አክስትሽ አይደለችም? ከማኒላ መጣች እንዴ?»

ሪዛሊን ከጀርባዋ የቀሚሱን ኮሽታ ትሰማለች። «አዎ» ማለት አንድ ቃል ነው። ሰልፉም አይቆምም፤ ሦስት እርምጃ ቢራመዱ ማኬና ወደ ኋላ ትቀራለች።

«አክስቴ አይደለችም» አለች ጮክ ብላ። «ቲቶ ናርድስ ነው። የእናቴ ወንድም። ዋሽቼሽ ነበር።»

«ምን? ለምን?»

«ረጅም ነው። ነይ ከጎኔ፤ እየሄድን እነግርሻለሁ።»

ከዚያም ቅስቱ እንዳያዘነብል ምሰሶዋን ከፍ አደረገች።