የጭራዋ እጅ

«ለመሆኑ መደገፊያው ጠንካራ ነው?» አሉ አያት፣ በትንሿ የልጅ ልጃቸው ሹራብ ላይ ሌላ ሹራብ እየደረቡ። «እዚያ ዋሻው ውስጥ፣ ውኃው ጋ ያለውን ማለቴ ነው። ልጅ ቢደገፍበት ይችለዋል?»

ችኩሌ አፍ ውስጥ የነበረው ዳቦ ከተዋጠ ቆይቷል፤ እሷ ግን ማኘኳን አላቆመችም።

ችኩሌ የሚለውን ስም ያወጡላት አያቷ ራሳቸው ናቸው። ስትራመድ ሩጫ፣ ስትበላ ቁጭ ብድግ፣ ሰው ነገሩን ሳይጨርስ መልስ የምትሰጥ ልጅ ናት። ዛሬ ግን ማኘኳን ብቻ ቀጠለች፤ አያትም ያን ጊዜ ከሹራቡ ቁልፍ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው አዩዋት።

አያት ለመጨነቅ ምክንያት የሚቸግራቸው ሴት አይደሉም። ዝናብ ሲጥል ጎርፍ፣ ልጅ ሲያስነጥስ የሳንባ ምች፣ ስልክ ሲጠራ መርዶ ነው የሚታያቸው። የዛሬው ጭንቀት ግን እሳቸው የፈጠሩት አልነበረም። የችኩሌ ታናሽ እህት፣ የትንሿ፣ ክፍል ተማሪዎች ዋሻውን ሊጎበኙ ነው። ችኩሌ ቅዳሜና እሁድ የምትሠራበትን ዋሻ።

እዚያ ጎብኚ ብቻውን አይገባም። ዋናው አስጎብኚ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሉት ሰው፣ ከፊት ሆኖ መብራቱን እያበራ ይመራል። ከሁሉም ኋላ ደግሞ ጭራ ትከተላለች፤ ጭራ የሥራው መጠሪያ ነው። ጭራ ማንንም አትቀድምም፣ ጎብኚም ከኋላዋ አይቀርም። መብራቱን እያጠፋች፣ ፎቶ ላንሣ እያለ የሚጎተተውን እያጣደፈች፣ «ውስጥ ሽንት ቤት አለ ወይ?» ለሚላት ትዕግሥቷን ሳትጨርስ እየመለሰች ትወጣለች። ትንሿ ይህን ከሰማች ወዲህ ማዕድ ላይ ሳይቀር «ጭራ፣ ጨው አቀብዪኝ» ትላታለች።

ከሥራው ሁሉ የማይታለፈው ግን የእጁ ነገር ነው። መንገዱ ገደል በያዘበት ሁሉ የብረት መደገፊያ አለ። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ ብረቱን ያዝገዋል፣ የቋሚዎቹንም ሥር ይበላዋል። ስለዚህ ጭራ እያንዳንዱን ቋሚ ጨብጣ፣ ነቅንቃ ታልፋለች። መውጫው ላይ ጋሼ «እስቲ እጅሽን» ይላታል። መዳፏ ረጥቦና በዝገት ቀልቶ ካየ ነገሩ አለቀ፤ ነክታዋለች ማለት ነው። ማታ የመጨረሻዋ ጭራ የነካችውን ጠዋት ማንም አይደግመውም። በሩ የሚከፈተው ያንን እጅ አምኖ ነው።

ዘዴውን ያስተማረቻት ሽቦ ናት። ሽቦ ከቅጥነቷ የተነሣ ይህ ስም የወጣላት የክፍል ጓደኛዋ ስትሆን፣ ዋሻው ውስጥ ሥራ ቀድማ የገባችውም፣ ለችኩሌ ቦታውን የለመነችላትም እሷ ናት። መውጫው አጠገብ ያለው ቋሚ ደርቆ አያውቅም። እሱን ብቻ ጥሩ አድርገሽ እሺው፣ አለቻት፤ ከዚያ እጅሽን ያየ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ብረት ስትገፊ የዋልሽ ነው የሚመስለው። ችኩሌ መጀመሪያ ሳቀች። በኋላ አንድ ቀን ቸኮለችና ሞከረችው። ከዚያ ወዲያ ጭራ መሆን ቀላል ሆነ። ሁለቱ አንዳንዴ እየተቀያየሩ፣ አንዳንዴ አብረው ከኋላ ይሄዳሉ፣ እያወሩ ይወጣሉ፣ የመጨረሻውን ቋሚ ያሻሉ።

ትናንት በመጨረሻው ጉብኝት ሽቦም አብራት ነበረች። ጎብኚዎቹ ራቅ ሲሉላቸው፣ መንገዱ ውኃው ላይ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ሽቦ ስልኳን አወጣች። ከጣሪያው የተንጠለጠሉት ድንጋዮች ውኃው ውስጥ ተገልብጠው ይታያሉ፤ ለፎቶ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ችኩሌ መደገፊያው ላይ ጀርባዋን ጣል አደረገች።

ቋሚው ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ሄዶ መጣ።

ወደ ፊት ዘላ ግድግዳውን አቀፈች። ከቋሚው ሥር የሲሚንቶ ቁራጭ ተላቆ ወደ ታች ሲሄድ ሰማች፤ ውኃው ላይ የወደቀው ግን ቆይቶ ነው። ሽቦ ገና ፎቶውን እያየች ነበር። ምን ሆነሽ ነው፣ ትንሽ ላላ እንጂ የወደቀ ነገር የለም፣ አለቻት። ፎቶው ግን አሪፍ ነው ብላ ልታሳያት ሞከረች።

መውጫው ጋ ሲደርሱ ችኩሌ ሳታስበው የመጨረሻውን ቋሚ አሸችው። እጇ ራሱ ነው የሄደው። ጋሼ መዳፏን በባትሪው አየና ሄልሜቷን መታ መታ አደረገላት። «አንቺን ከኋላ ካቆምኩማ ዞሬም አላይ» አላት። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ሽቦ ክንዷን ቆነጠጠቻት፤ አፏም ተዘጋ።

እንግዲህ አያት የጠየቁት ይህንን ነው። ሳያውቁት፣ ልክ ቋሚው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

ችኩሌ ስልኳን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ የሚሰማት እንዳይኖር ቧንቧውን ከፈተች። ሽቦ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ አነሣች። ለጋሼ ልነግረው ነው፣ አለቻት ችኩሌ። ወዲያው የሽቦ እንቅልፍ ጠፋ።

«ምን ብለሽ ነው የምትነግሪው? ‹ትናንት ላላ› ካልሽው ‹ከትናንት በፊትስ እንዴት ነበር› ይልሻል። ከዚያስ?»

«ከዚያማ... እውነቱን።»

«እውነቱ እኮ እኔ ነኝ፤ ያስተማርኩሽ እኔ። ተይ እንጂ፣ እኔ ላንቺ እንዲህ አድርጌልሽ...» ድምፅዋ ቀጠነ። «ደግሞ እስከ ዛሬ ማን ወደቀ? ቅዳሜ ስንገባ እኔው ራሴ ‹ላላ ያለ ነገር አየሁ› እለዋለሁ። ሙች፣ እለዋለሁ።»

ቅዳሜ ሩቅ ነው። ትንሿ የምትሄደው ዛሬ ነው። ችኩሌ ቧንቧውን ዘግታ ስትወጣ ግን ሌላ መላ መጥቶላት ነበር፤ ማንንም የማያስከፋ፣ ከአፍ ቶሎ የሚወጣ።

«እማማ፣ ትንሿ ዛሬ ብትቀርስ? ማታ ስትስል ነበር። ውስጡ ደግሞ ይበርዳል።»

አያት ይህን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ተቀበሏት። የትንሿን ግንባር ዳሰሱ፤ ትኩሳት ባይኖርም ሊመጣ ይችላል አሉ። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ማየት ምን ያደርጋል፣ ድንጋይ ውጭስ ጠፍቶ ነው ወይ፣ እናቷም ከሥራ ስትመለስ ደግ አደረጋችሁ ነው የምትለው፤ ይህን ሁሉ እያሉ የላይኛውን ሹራብ ሊያወልቁ ቁልፉን ጀመሩ። ፊታቸው ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተጨማዶ የነበረው ነገር ሁሉ ተፈታ። ችኩሌም ትንፋሽ ወጣላት። እህቷ አትሄድም፤ በቃ፣ ተገላገለች።

ትንሿ እንደ ሌላው ጊዜ እግሯን ታነሣና ትጥል፣ ትጮህ መስሏቸው ነበር። አልጮኸችም። ዓይኗ ውኃ ሞልቶ ቆመች።

«ጥንዴስ?» አለች።

«የምን ጥንድ ነው እሱ?» አሉ አያት።

«ሁለት ሁለት ሆነን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው የምንገባው። መምህራችን ደልድላናለች። እኔ በግድግዳው በኩል፣ እሷ በብረቱ በኩል። እሷኮ ጨለማ ትፈራለች። እኔ ከቀረሁ ብረቱን ነው የምትይዘው።»

አያት፣ ያቺም ልጅ የሚያስብላት ሰው አላት፣ እሷም ቤቷ አያት ይኖራታል አሉ። ያሉት ለማጽናናት ነበር። ግን እንዳሉት እጃቸው ቁልፉ ላይ ቆመ። ችኩሌን አዩዋት፤ ቀጥሎ ስለ ሳሉ አሰቡ መሰል ትንሿን አዩ፤ እንደገና ወደ ችኩሌ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ማታ ይቺ ልጅ አልሳለችም። እኔ ነኝ አጠገቧ የተኛሁት። የማላውቀው ነገር አለ እንዴ?»

ችኩሌ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ቆመች። የሌላ ቤት አያት ታየቻት፤ ያቺም ይህን ጊዜ ሹራብ ላይ ሹራብ እየደረበች፣ ብረቱ ጠንካራ ነው ወይ እያለች ይሆናል፤ የምትጠይቀውም ሰው የላትም። የትንሿ ክፍል ልጆች ትምህርት ቤቱ በር ላይ አውቶቡሱን እየጠበቁ ነው። ጋሼ ዘንድ እንዳትደውል፣ በዚህ ሰዓት ከታች ዋሻው ውስጥ መብራቶቹን እያበራ ነው፤ ስልክ እዚያ አይሠራም። አሁን ከወጣች፣ በአቋራጩ ከሄደች፣ አውቶቡሱን ትቀድመዋለች። ጋሼ ከዛሬ በኋላ ሄልሜቷን መታ መታ አያደርግላትም። ሽቦም ነገ ክፍል ውስጥ ወንበር ትቀይራለች፤ በዚህ እርግጠኛ ነበረች።

ትንሿ አፍንጫዋን በሹራቡ እጅጌ ጠረገች።

ችኩሌ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አደረገች። ማሰሪያውን አላሰረችም። ወደ ትንሿ ሄዳ፣ አያት የፈቱትን ቁልፍ መልሳ ቆለፈችላት፤ ከዚያ በሩን ከፍታ በአቋራጩ ወደ ዋሻው ሮጠች።