ልብሱን ሰጣት

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መርፌ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። ከመጨረሻው ወንበር ላይ ሆና ልጆቹ በሳቅ ሲንተከተኩ ታያቸዋለች። የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆነች፣ ደግሞም ቀጭን ስለሆነች «መርፌ» ብለው የሰየሟት እነሱው ናቸው። ዛሬ ግን የሚወጉት እነሱ ነበሩ።

ስልኩ ላይ በቪዲዮ የሚታየው አባቷ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ፣ አዲሱን መጽሐፉን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ፈገግ ብሏል። ከዚያ የጓደኛዋ የጡሩምባ ድምፅ ይመጣል። ጡሩምባ የተባለችው አፏ ስለማይዘጋ ነው። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ገልጣ እንደ ዜና አንባቢ እየተኮፈሰች ታነባለች፦

«በዝናቡ መሃል ቆመ። ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል፣ ያለ አንዳች ኀፍረት ልብሱን ሰጣት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ልቡን ሰጣት» ለማለት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ፣ ልብስ ሲል የኖረ እጅ፣ ለምዶበት አንዲት ፊደል ጨመረ፤ ማተሚያ ቤቱም ያገኘውን አተመ። የተማረ ሰው ሲሳሳት «የኅትመት ግድፈት» ይባልለታል። ልብስ ሰፊ ሲሳሳት ግን አገር ይስቃል።

«ምን ፊትሽን ታጠቁሪያለሽ?» አለች ጡሩምባ አጠገቧ ዘፍ ብላ።

«አላጠቆርኩም።»

እውነቷን ነው። ተኝተውበት ያደሩት እጅ እንደሚደነዝዘው ውስጧ ደንዝዟል፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም።

«ማስታወቂያ እኮ ነው ጀለሴ! ጋሼ ራሳቸው አይደሉ 'እባክሽ አስተዋውቂልኝ' ያሉኝ? ይኸው፣ ከተማው በሙሉ ስለሳቸው ነው የሚያወራው።»

በእርግጥም አባቷ ብሏታል። ያላንኳኳው በር አልነበረም። የመጻሕፍት መደብሩ ባለቤት ሽፋኑን እንኳ ሳይገልጥ «ማን ያውቅሃል?» አለው። መደርደሪያ ላይ ካላስቀመጡለት ማን ሊያውቀው ነው? ይህን የሚመልስ ምሁር እስካሁን አልተወለደም። የሬዲዮ ጋዜጠኛው ደግሞ «አነበዋለሁ» ብሎ መጽሐፉን በነፃ ወሰደ፤ ወስዶም ቀረ። በመጨረሻ አባቷ የራሱን ዘዴ ፈጠረ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በወረቀት እያባዛ፣ በሰፋው ኮት ሁሉ ኪስ ውስጥ ይከት ጀመር። አንድ መሐንዲስ ኮቱን በወሰደ ማግሥት ተመልሶ መጣና «ኪሴ ውስጥ ቆሻሻህን ረስተሃል» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረለት።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ አባቷ።

የመርፌ ውስጥ መደንዘዝ የጀመረው ያን ዕለት ነው።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ውስጥ ወጣቶች ይጋፋሉ። እንዲህ ያለ ግርግር በሠርግ ወራት እንኳ አይታ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ያቺ ዝናብ ያለባት ገጽ ላይ ይፈርሙልኝ!»

አባቷ ምላሱን ነከስ አድርጎ፣ ቁልፍ የሚተክል ይመስል ተጠንቅቆ ፈረመ። ልጆቹ ጥጉን እስኪዞሩ እንኳ አልታገሡም፤ ሳቃቸው ግድግዳውን አልፎ ገባ።

«ሰማሽ?» አለ አባቷ። ስልኩ ከመደወልና ከመቀበል ሌላ የማያውቅ ስለሆነ ቪዲዮውን አላየም። «መጽሐፍ ገዝቶ እንዲህ የሚደሰት ትውልድ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር።»

«አባዬ...»

«ወዬ የኔ እናት?»

«ምንም።»

«ገና ምን አይተሽ! የቋንቋ መምህርሽ መጥቶ ነበር። ዝናዬን ሰምቶ ኖሮ ጋበዘኝ፤ ነገ ለንባብ ክበቡ ላነብላችሁ ነው። የትኛውን ገጽ እንደማነብ ገምቺ!»

አልገመተችም፤ ታውቀዋለች።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ኮት ተዘርግቷል። ሰው ሲሞሽር የኖረ አባቷ ለራሱ ኮት ሲሰፋ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ስፌቱን በጣቱ ጫፍ እየተከተለ ይፈትሻል። «ዓይን የለመደውን ያልፋል፤ ጣት ግን አይሸነገልም» ይላል ሁልጊዜ።

ጡሩምባ በሩ ላይ ብቅ አለችና መርፌን ክንዷን ይዛ ጎትታ አወጣቻት።

«እንዳትነግሪያቸው! ነገ እሳቸው ሲያነቡ ልቀርጽ ነው። ካወቁ እኮ አይመጡም፤ ሽያጩም ይቆማል። በፊት ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር? አሁን እየተሸጠ ነው። ምን ጎደለሽ?»

ክፋቱ ጡሩምባ ያለችው ሐሰት አለመሆኑ ነው። መርፌ ለአባቷ ብትነግር ሳቁም ገዢውም አብሮ ይሄዳል። ዝም ካለች ደግሞ፣ ነገ አባቷ አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ ያቺን ገጽ ገልጠው ያቺን ቃል በሚጠብቁ ልጆች ፊት ይቆማል።

«እሺ» አለች። እሺ ማለት አያደክምም።

ስትገባ አባቷ ኮቱን ለብሶ መስታወቱ ፊት ቆሟል። ጨርቁን ለጊዜው የያዘው ክር ገና አልተነቀለም፤ አንደኛው እጅጌም አልተገጠመም።

«ነይማ፣ ልለማመድ ስሚኝ።»

መጽሐፉን ገለጠ። ድምፁ ያ «ይቅርታ ጌታዬ» የሚለው ድምፅ አልነበረም።

«በዝናቡ መሃል ቆመ። ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል፣ ያለ አንዳች ኀፍረት ልቡን ሰጣት።»

ልቡን። ዓይኑ ገጹ ላይ ነው፤ ያነበበው ግን የታተመውን ሳይሆን ጻፍኩት ብሎ ያሰበውን ነው። መርፌ መጽሐፉን አንብባው አታውቅም። ይቺን ዓረፍተ ነገር ሳይሳቅባት ስትሰማት የመጀመሪያዋ ነው። ደህና ዓረፍተ ነገር ናት። የደነዘዘ እጅ ደም ሲመለስበት እንደሚወጋጋው፣ ደረቷ አካባቢ የሆነ ነገር ወጋጋት።

«እንዴት ነው?» አለ አባቷ ከመስታወቱ ውስጥ እያያት። «ያጨበጭባሉ?»

ወንበር ጎተተችለት።

«አባዬ፣ ቁጭ በል።»

«ገና አልጨረስኩም እኮ።»

«ቁጭ በል። አሁን እንደገና አንብበው። በዓይንህ አይደለም፤ እንደ ስፌት በጣትህ። ፊደል በፊደል።»

«ምነው፣ የዘለለ ስፌት አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ግንባሩ ላይ የተሰቀለውን መነጽር አውርዳ ዓይኑ ላይ አደረገችለት። ጣቱን «በዝናቡ» ላይ አሳርፎ ቀስ እያለ መሄድ ጀመረ።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ አለ?» ሲል አንድ ልጅ ከበሩ ተጣራ። ከኋላው የሚንሾካሾኩ አሉ።

«ለዛሬ ዘግተናል» አለች መርፌ። ሄዳ በሩን ገፋችና ተመለሰች።

የአባቷ ጣት «ኀፍረት» የሚለውን አለፈ። እሷ እጇን ክሩ ባልተነቀለው ትከሻው ላይ አደረገች።