እየጠበበ የሄደ ልስን

«ፓልሚና፣ የዛሬው ልስን ለምን እንዲህ ጠበበ?»

ኤርሜቴ ይህን ሲጠይቀኝ ርብራቡ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ነበር። የግንበኛ ማንኪያዬን በሽርጤ ጠረግኩ፤ ጠርጌ ስጨርስ እንደገና ጠረግኩ። መልሱን አውቀዋለሁ።

የሳንታልባ ቤተክርስቲያን ለሳኝ አባቴ ማስትሮ ሴቲሚዮ ነበር። የምንኖርባት ባለ ሁለት ክፍል ቤትም የቤተክርስቲያኑ ነበረች። ሰኔ ላይ ካህኑ ዶን ሊቦሪዮ ከቦሎኛ ሠዓሊ አስመጡ። በድሮ ዘመን ወረርሽኝ ሲገባ የከተማችን ሰዎች ለእመቤታችን ተስለው ቤተክርስቲያኑን በአንድ ቀን ሠርተው አቁመውታል ይባላል። ያ ቀን በትልቁ ግድግዳ ላይ እንዲሣል ተፈለገ።

ሠዓሊው ኤርሜቴ ባልዴሊ የፋኤንዛ ጋሪ ሠሪ ልጅ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ በታሪክ ሥዕል የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። አሁን ሃያ ስምንት ሞልቶታል። ሮማ ያለ አንድ ትልቅ ሠዓሊ የቤተ መንግሥት ጣሪያ አብሮት እንዲሥል ጠርቶታል። ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ለቅዱስ ማርቲን ቀን እዚያ ካልደረሰ ቦታውን ሌላ ሰው ይይዘዋል።

በእርጥብ ልስን ላይ የሚሥል ሰው ቀጠሮው ከግድግዳው ጋር ነው። ለሳኙ ጠዋት ጠዋት፣ ሠዓሊው በዚያ ቀን የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይለስናል። ልስኑ ከደረቀ በኋላ ቀለም አይገባውም። መስከረም ላይ የአባቴ ትከሻ አልነሳ አለ። ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ ኖራ ሳቦካለት ስለኖርኩ ማንኪያው ወደ እኔ ዞረ።

ኤርሜቴ በሥዕሉ ውስጥ ላሉት ሰዎች ፊታቸውን ከከተማችን ሰዎች እየወሰደ ይሥል ነበር።

«አፍንጫዬን አሳንስልኝ» አለችው ዳቦ ጋጋሪዋ ኢሶሊና ከታች ሆና።

«ደርቋል፣ እመቤት።»

«ትናንትም ደርቋል ነበር ያልከኝ።»

«ትናንትም ደርቆ ነበር።»

«እንግዲያው እህቴ ናት እላለሁ» ብላ ወጣች።

እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ኤርሜቴ ዞር ብሎ አየኝ። ቀለሙ ከብሩሹ ጫፍ ወደ እጁ እየወረደ ነው፤ እሱ ግን አላየውም። እኔም አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ባየሁ ቁጥር የቀረውን በዓይኔ እለካ ጀመር። የሃያ ቀን ሥራ ነበር የቀረው። «ዛሬ እስከ ግንበኛው ክርን» ሲለኝ እስከ ትከሻው ብቻ ለሰንኩ። በማግስቱ እስከ እጁ አንጓ ሲለኝ እስከ ክርኑ ለሰንኩ። በሦስተኛው ቀን ነው የጠየቀኝ። ዝም ስል ጊዜ «ክንድሽ ደክሞ ይሆናል» ብሎ ለራሱ መለሰ። ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ልስኑ ትንሽ ስለሆነ ሥራው እኩለ ቀን ላይ ያልቃል። ርብራቡ ላይ እግራችንን አንጠልጥለን ዳቦና የበግ አይብ እንበላለን። እሱ ስለ ቦሎኛ ያወራኛል፤ እኔ ስለ ኖራ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ወሬው አለቀ፤ መቀመጡን ግን አልተውንም።

«አያቶቻችን ቤተክርስቲያኑን በአንድ ቀን ጨረሱት» አሉ ዶን ሊቦሪዮ ቀና ብለው። «እናንተ አንዲት ቀሚስ በሦስት ቀን።»

«እነሱን ቁሙ ልሣላችሁ የሚላቸው ሰው አልነበረም፣ አባ» አለ ኤርሜቴ።

በዕቃ ቤቱ በር ላይ ውል ተለጥፎ ነበር። ማንበብ ስለማልችል በቀን አምስት ጊዜ በአጠገቡ አልፍ ነበር እንጂ ምን እንደሚል አላውቅም። ማኅተሙ ያምር ነበር።

«ውርጭ ሳይመጣ ጨርሱ» ይለኛል አባቴ ማታ ትከሻውን ሳሽለት። «ሳይደርቅ ውርጭ ያገኘው ልስን ግድግዳ ላይ አይቆይም።»

«ጥቂት ነው የቀረው፣ አባዬ።»

ያን ጥቂት ነበር የማሳንሰው። ጥቅምት ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው መሃል ላይ ድንጋይ ተሸክማ የምትወጣ ሴት ቀረች። ኤርሜቴ ፊቷን ሲሥል ደጋግሞ ያየኝ ነበር። ሲጨርስ የእኔ ፊት ሆነ።

ፊቷ በተሣለ በሦስተኛው ሌሊት ከተራራው ውርጭ ወረደ። ጠዋት በሩን ስንከፍት ግማሹ የታችኛው ሥዕል ወለሉ ላይ ፈስሷል። ድንጋይ የተሸከመችው ሴት ከአንገቷ በላይ የለችም።

አባቴ በአንድ እጁ እየተደገፈ ርብራቡ ላይ ወጣ። በጣቶቹ መጋጠሚያዎቹን እየዳበሰ ሄደ። የአንድ ቀን ልስን ከሌላው ቀን ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ለሚያውቅ ሰው አይደበቅም።

«ይህን እንዲህ የቆራረጠው ማነው?» አለ።

ዶን ሊቦሪዮ እኔን አዩኝ።

«ጠባብ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ» አለ ኤርሜቴ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። አሁን ሴት ልጆቼ አንድ ነገር ተጠይቀው ዝም ሲሉ እስኪመልሱ አጠገባቸው እቆማለሁ፤ ያን ዝምታ ስለማውቀው ነው።

ካህኑ ውሉን ከበሩ ላይ ነቅለው አነበቡልን። ግድግዳው ለቅዱስ ማርቲን ቀን ደህና ሆኖ ካልተገኘ ሠዓሊው ሙቀት እስኪመለስ ቆይቶ ያድሳል፤ ለሳኙ ቤቱን ለሌላ ለሳኝ ይለቃል። በእኛ አገር ቤት የሚለቀቀው በዚያ ቀን ነው፤ መንገዱ ሁሉ ዕቃ በጫነ ጋሪ ይሞላል።

ኤርሜቴ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በመቅረዞቹ መሃል በተነጠፈ ገለባ ላይ ነበር የሚያድረው። ከሰዓት በኋላ ሄድኩ።

«ሮማን ያሳጣሁህ እኔ ነኝ» አልኩት። «እርስዎ» ማለት ረስቼ ነበር።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጠየቅኩሽ አይደል? ያኔ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ጠዋት ስመጣ ልስኑ ጠቦ ካገኘሁት ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «አንድ ቀን ሰፍቶ እንዳላገኘው ነበር ፍርሃቴ።»

እጄን ያዘ። ኖራ የበላው እጅ ነው፤ ልሸሽገው ፈለግኩ፤ አልለቀቀኝም።

«ቅሪ» አለኝ።

«አባቴስ?»

«እሱም ይቅር።»

«የት?»

ገለባውን አየ። መቅረዞቹን አየ። እስከ ጸደይ ድረስ የራሱ ጣሪያ እንኳ የለውም።

«ትሪየስት ከተማ ያለው አጎቴ የኖራ እቶን አለው» አልኩት። «እሱ የፈለገው የሚሠራ እጅ ነው። አባቴን ብቻውን አይቀበለውም።»

ኤርሜቴ አባቴን ሊያነጋግር መጣ። አባቴ ተቀምጦ አዳመጠው። «ክፉ ሰው አይደለህም» አለው በመጨረሻ። «ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እኔ ማንኪያ አላነሳም፤ አንተ ቤት የለህም። የትኛችን ነን እሷን የምናኖራት?»

በቅዱስ ማርቲን ጠዋት ጋሪው ላይ አልጋውን፣ ሁለት ድስትና የኖራ ወንፊታችንን ጫንን። ኤርሜቴ ገመዱን አጠበቀልን። ጠብቆ ሳለ እንደገና ፈታውና እንደገና አሰረው። አባቴ ፊቱን ወደ በቅሎዋ አዞረ።

«ጸደይ ላይ እመለሳለሁ» አልኩት ኤርሜቴን።

«ጸደይ ላይ» አለ።

ጸደይ ሲመጣ አባቴ አልጋ ላይ ዋለ፤ ከዚያ ሳይነሳ ስምንት ዓመት ኖረ። እቶኑ ላይ ከሚሠራ ደግ ሰው ጋር ተጋባሁ፤ ሦስት ሴት ልጆች ወለድኩ። ከሳንታልባ የሚመጡ ነጋዴዎች ወሬውን ያመጡልኛል። ግድግዳውን አድሷል። ከዚያም የሸለቆው መንደሮች እየተቀባበሉ ሲያሠሩት የስንቱን ቤተክርስቲያን ጣሪያ ሣለ። ለግንበኞችና ለአናጺዎች ሥዕል ያስተምር ነበር። አላገባም። ሮማን አላያትም።

እንዲቀር ብዬ ነበር ያን ሁሉ ያደረግኩት። እሱ ቀረ። የሄድኩት እኔ ነኝ።