ሃምሳ ሰው ያሳረደ ቅምሻ

በሰንዳር ምድር፣ በአንዲት ማለዳ፣ አርባ ላሞች አርባ የሞቱ ጥጆች ወለዱ። ወይ ጉድ! የንጉሥ ድርጋስ ታላቁ የግጦሽ መስክ ቢጫ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነበር። ንጉሡ የቤተ መንግሥቱን አፈር ቀማሽ ሜልኮትን አስጠራ። እንደ ደንቡ፣ ከብት በሚያርፍበት ዋርካ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈላት፤ ከዚያው ቆንጥራ ቀመሰችና «አፈሩ ጤነኛ ነው» አለች።

«እንግዲያስ የምርኮኞቹ ድግምት ነው!» ብሎ ንጉሡ ከጎረቤት አገር ከማረካቸው ሰዎች ሃምሳውን መስኩ ላይ አሳረደ። ደሙ ቦይ ሠርቶ ወረደ። ሣሩ ግን ያው ቢጫ! ንጉሡም ሰይፉን መዝዞ «ክረምቱ ሳይወጣ ከለመለመ የቀሩት ሦስት መቶ ነፃ ይውጡ፤ ካልለመለመ ግን አንድ ሳላስቀር አርዳቸዋለሁ፤ ይህን ባላደርግ ዙፋኔ ይሰበር!» ሲል ማለ።

ሜልኮት ቃሏን ተጠራጥራ በሬሳዎቹ መሀል አልፋ የመስኩን እምብርት ቀመሰች፤ እንደ ሎሚ ምላሷን አኮማተረው። ወየው! የዋርካውን ሥር ያጣፈጠው ዘመን ሙሉ የተጠራቀመ እበትና ሽንት ነው። እሷ የቀመሰችው መስኩን አልነበረም!

በሰንሰለት የታሰረ ታደግ የሚባል ምርኮኛ አይቷት «ሆምጣጣ መሬት ኖራ ይበላል፤ እኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል» አላት። ኖራ የሚገኘው ግን ጉማር የሚባል ዘንዶ በእሳት ትንፋሹ ድንጋይ በሚያነድበት ዋሻ ብቻ ነበር። ንጉሡ እግር ሥር ወድቃ ታደግን አስፈታችውና አብረው ሄዱ።

ዋሻው ደጃፍ ላይ ታደግ ቆመ። «አፈሩ ጤነኛ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ወንድሜ ከሃምሳዎቹ አንዱ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ትረዳኛለህ?»

«ከሦስት መቶዎቹ ውስጥ እናቴ አለች። ዝም ብለሽ ጦርሽን ያዢ!»

ጉማር ተወርውሮ ወጣ። የሜልኮት ጦር ቅርፊቱ ላይ እንደ ሰንበሌጥ ተቀነጠሰ፤ ጅራቱ ግራ ክንዷን ሰበረው። ታደግ ከዋሻው ደጃፍ ውሃ ያልነካው ኖራ በስልቻ ዝቆ፣ ስልቻውን ታቅፎ «እንካ ብላ!» እያለ ዘንዶው አፍ ውስጥ ዘሎ ገባ። መንጋጋው ተከደነበት። ኖራው ምራቅ ሲያገኝ ፈላ፤ የአውሬው ጉሮሮ ተንተክትኮ ተበጠሰ። ከታደግ የተገኘው አንድ እጅ ብቻ ነበር። ሜልኮት እየጮኸች ቀበረችው።

ኖራው በሰባ በቅሎ ተጋዘ፤ ምርኮኞቹ በቅርጫት እየዘገኑ መስኩ ላይ በተኑት። ክረምቱ ሳይወጣ ሣሩ ጉልበት አለፈ። ንጉሡ ምሏልና ሦስት መቶዎቹን ለቀቀ።

ሕዝቡ እልል ሲል ሜልኮት የታደግን እናት ፈልጋ አገኘች። «ልጅዎ ዘንዶውን ገደለ፤ ሁላችሁንም አዳነ፤ ሞተ» አለቻቸው። «ወንድሙ የታረደው ግን በእኔ ቃል ነው። ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ።»

ሴትዮዋ በጥፊ አጮሏት፤ ወደቀች። ማንም አልገላገለም። ሜልኮት ተነሥታ በደህናው ክንዷ የሴትዮዋን ጓዝ ተሸከመችና እስከ ድንበሩ ድረስ ከኋላቸው ተከተለች።