የማይታጠበው ጠጠር

«ባልዲውን ዘቅዝቅልኝ እስቲ፤ ጠጠሩ ከብዶኛል» አለችው የአክስቱ ልጅ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ።

ባልዲውን ያዘላት እንጂ አልዘቀዘቀውም። አባቱ በረንዳው በር ላይ ቆሞ የዓሣውን በርሜል እያየ ነበር። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የማያፈስ ነገር ሲያይ ፊቱ ይፈታል።

«የኔ መሐንዲስ! አንዲት ጠብታ እንኳ አያፈስም እኮ» አላትና ወደ ውስጥ ገባ።

የኔ መሐንዲስ። ዘንድሮ እነሱ ቤት ልትኖር እስክትመጣ ድረስ ይህ ስም የእሱ ነበር።

ሐሳቡም የእሱ ነበር፤ ታች ዓሣ፣ ላይ ሰላጣ፣ ውኃው በትንሽ ፓምፕ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞር። ግን ማጣሪያውን በአንድ ባልዲ አሸዋ ሠራው። አሸዋው በዓሣው ቆሻሻ ተደፈነ፤ ውኃው ሞልቶ በረንዳውን አልፎ ሳሎን ገባ። እሷ ሁለት ባልዲ አደረገች። በመጀመሪያው ውኃው እየተሽከረከረ ይረጋል፣ ከባዱ ቆሻሻ ይዘቅጣል፤ በሁለተኛው በስፖንጅና በጠጠር መሃል ያልፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። እንዴት እሱ አላሰበውም? ምሳ ሲበላ ሳይቀር የሚያስበው ይህንኑ ነው። የእሱ ዓሣዎች እንኳ አሁን የሚዋኙት በእሷ በርሜል ውስጥ ነው። ደግሞ ተመችቷቸዋል፤ ከሃዲዎች።

«ነገ የሳይንስ ቲቸር ሊያዩት ሲመጡ መስታወት መምሰል አለበት» አለች። «እየው ይሄን ቆሻሻ! ያስጠላል።»

ስፖንጁን ቧንቧ ሥር አድርጋ ጨመቀችው። ቡናማ ውኃ ወረደ። ቀጥላ የበረኪናውን ጠርሙስ አነሳች።

«ጠጠሩን ደግሞ በዚህ እዘፈዝፈዋለሁ።»

እሱ ያውቃል። ሳሎኑ ውኃ ከገባበት ቀን ጀምሮ ስለ ማጣሪያ ያላነበበው የለም፤ ቀጥሎ የሚሠራው ከእሷ እንዲበልጥ። ጠጠሩ ላይ የተለጠፈው ያ ቡናማ ነገር ሕይወት አለው። ከታጠበ፣ ነገ ሁሉም ነገር ያበራል፤ ቲቸር ያደንቃሉ። ከዚያ ቀናት ሲያልፉ ዓሣዎቹ ተራ በተራ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይንሳፈፋሉ። እሱን የሚጠይቀው አይኖርም። አፉን ዘግቶ ባልዲ መያዝ ብቻ ነው።

አባቱ ያኔ ምን ብሎ እንደሚጠራት አሰበ። ማሰቡ ጣመው። እንደጣመው ሲያውቅ ጆሮው ጋለ።

የጠርሙሱን ክዳን ማዞር ጀመረች።

«ተይው» አላት።

«ምኑን?»

«በረኪናውን። ዓሣዎቹን ትጨርሻቸዋለሽ።»

«ሂድ እዚያ! በደንብ አለቀልቀዋለሁ እኮ።»

«ብታለቀልቂውም። ቡናማው ነገር ባክቴሪያ ነው። እሱ ከሌለ የዓሣው ሽንት መርዝ ሆኖ ይቀራል። ስፖንጁንም ሁለተኛ በቧንቧ ውኃ እንዳታጥቢው፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ከበርሜሉ ቅጂና ለቅለቅ ብቻ አድርጊው።»

ጠርሙሱን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው።

«ቀንተህ ነው አይደል? ቆሽሾ እንዲታይብኝ።»

«ቀንቻለሁ» አለ። ከአፉ እንዴት እንደወጣ አላወቀም። «ግን የነገርኩሽ እውነት ነው።»

ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። ጠርሙሱን ከደነችና ከግድግዳው ሥር አስቀመጠችው። ጠጠሩ እንደቆሸሸ ባልዲው ውስጥ ቀረ።

«ቆይ፣ ነገ ቲቸር ይሄ ቆሻሻ ምንድን ነው ቢሉኝ ምን ልበል?»

መልሱን በዚህ ቤት ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ነገ እሷ ስትንተባተብ ከኋላ ሆኖ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ረጋ ብሎ ማስረዳት ይችላል። አባቱም እዚያው ይቆማል። የሚላቸውን ቃላት ሳይቀር በልቡ ደርድሯቸዋል።

ባዶ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት፤ ሌላም አንድ ገልብጦ ወደ እሷ ገፋላት።

«ቁጭ በይ» አላት። «ከሽንቱ እንጀምር።»